ለጋሼ ምስጋና፤ የሚነካ የሳይንስ ክፍል ለመክፈት ላሰባችሁም ጥቆማ

በባህር ዳርና በዙሪያዋ ያላችሁ መምህራን፣ የሳይንስ ክበብ ተጠሪዎችና ወላጆች፤ ይህ ጽሁፍ አንድ ባለሙያ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም የተጻፈ ነው። ሁላችንም "ጋሼ" እያልን ነው የምንጠራቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም። የሚያሠራ ሰው ግን በውስጥ መስመር ይጠይቀን፤ ስልካቸውን እንሰጣለን፣ እሱን ፈቅደዋል። ብየዳ ቤታቸው ጠባብ ናት፤ ውስጧ ያለው ሙያ ግን ለብዙ ትምህርት ቤት ይተርፋል። እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው።

የሠሩት በሐይቁ ዳር ላለች አንዲት የልጆች የሳይንስ ክፍል ነው። ክፍሏ ውስጥ "አትንካ" የሚል ጽሁፍ የለም። ልጅ ተቀምጦ የሚሽከረከርበት ወንበር፣ የሚያዞረው ዲናሞ፣ የሚያወዛውዘው ፔንዱለም፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው መስተዋት፣ ጭነት የሚጭንበት የደንገል ታንኳ፣ ሐይቁን ገልብጦ የሚያሳይ ጨለማ ጓዳ አለ። ስድስቱም ላይ የጋሼ እጅ አርፏል።

ከጋሼ በፊት የሆነውን መናገር ያስፈልጋል፤ ሌላውም እዚያው ጉድጓድ እንዳይገባ። ሥራው ሁለት ቦታ ተሰጥቶ ነበር፤ ማንነታቸው ይቅር። የመጀመሪያው ግማሹን ቀብድ ተቀብሎ "ለቅዳሜ ይደርሳል" እያለ ሰባት ቅዳሜ አሳለፈ። በመጨረሻ ያመጣው የፔንዱለም ማንጠልጠያ በ20 በ20 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ብረት የተበየደ ነው። ቀለሙ ያበራል፤ ልጆች ሲደገፉት ግን ይወዛወዛል። ፔንዱለም የተንጠለጠለበት ነገር ከተወዛወዘ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ማንጠልጠያው ይሄዳል። ብዙ ደቂቃ መወዛወዝ የሚገባው ቶሎ ይሞታል፤ አጠገቡ ዝም ብሎ የነበረው ሌላው ፔንዱለም ደግሞ ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ልጁ ያየው የብየዳውን ጉድለት እንጂ የፔንዱለሙን ጠባይ አይደለም። ይህ ሲነገረው የተሰጠው መልስ "ቆሞ የለም እንዴ?" የሚል ነበር። ቀብዱም አልተመለሰም።

ሁለተኛው ቦታ የሚሽከረከረውን ወንበር ሠራ። ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ ሰክቶ፣ ግራሶ ቀብቶ አስረከበ። ኩሽኔታ የሚባል ነገር የለውም። ባዶውን ሲገፉት ይዞራል፤ 30 ኪሎ ልጅ ሲቀመጥበት ብረት ብረትን ነክሶ ይቆማል። ኩሽኔታው በሥዕሉ ላይ በግልጽ ተስሎ ነበር፤ ለምን እንደቀረ ግን መልስ የሰጠ የለም። የባከነው ብረትና ገንዘብ አንድ ነገር ነው። የሚያንገበግበው ግን ልጆች የሚሽከረከር የብስክሌት ጎማ ይዘው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ወንበሩ አልዞር ሲል "መጽሐፉ ላይ ያለው አይሠራም" ብለው ተነስተው መሄዳቸው ነው። ሁለቱም ቦታ ሥራውን እንደ በርና መስኮት ነበር ያዩት። መስኮት በቀን አንዴ ተከፍቶ አንዴ ይዘጋል፤ እዚህ ያለ እጀታ ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መቶ ልጅ ይጎትተዋል።

ጋሼ ዘንድ ሥዕሉ ተይዞ ሲኬድ መጀመሪያ ሥዕሉን አልተቀበሉም። "ልጁ የሚይዘው በየት በኩል ነው? ስንት ዓመቱ ነው?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ ደጅ ይጫወት የነበረውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ ሜትራቸውን አውጥተው ቁመቱን፣ የክንዱን ርዝመት፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚደርስበትን ለኩ። ሥዕሉን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ያየ ሰው ሥራው ከማን እጅ እንደገባ ወዲያው ይገባዋል።

ወንበሩን እንዲህ ሠሩት። ለመሃል ዘንጉ ከአሮጌ ባጃጅ የወጡ ሁለት ኩሽኔታዎች አጥበው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ለቀው አስገቡ። አንድ ብቻ ቢሆን ልጁ ወደ ጎን ባዘነበለ ቁጥር ዘንጉ ያዘነብልና ይይዛል፤ ሁለቱ ሲራራቁ ግን ክብደቱን ይካፈላሉ። መቀመጫው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር፣ የእግሮቹ ስፋት ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልጁ ከነጎማው ቢያዘነብል እንኳ አይገለበጥም። ጎማው 26 ቁጥር የብስክሌት ጎማ ነው። ባህር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና አሮጌ ቸርኬ አይጠፋም። ላስቲኩ ወልቆ በቦዩ ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ጥቁር ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ ክብደቱ ከመሃል የራቀ ጎማ ሲሽከረከር ጉልበቱ ይበረታልና። ራጂውን፣ ማለትም የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በሁለቱም በኩል በክብ ኮምፔንሳቶ ሸፈኑት። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። "ጣት ከገባ ሳይንሱ ቀረ" አሉ። ሁለቱ መያዣዎች ከፔርኖው (ከጎማው የመሃል ዘንግ) ጋር ቆመው ጎማው ብቻ ይዞራል፤ ዳዶዎቹም በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ተቆልፈዋል። አንድ ዳዶ ብቻ ከሆነ በመሽከርከሩ ብዛት ይላላል።

አሁን ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጎማውን ፊት ለፊቱ አቁሞ ይይዛል፤ ጓደኛው ጎማውን በኃይል ያሽከረክርለታል፤ እግሩን ከመሬት ያነሳል፤ ጎማውን ወደ አግድም ሲያጋድለው ወንበሩ ከነልጁ ይዞራል። ወደ ሌላኛው ጎን ሲያጋድለው አቅጣጫውን ይለውጣል። ጎማው፣ ልጁና ወንበሩ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ከውጭ የሚያዞራቸው ነገር ስለሌለ፣ ጎማው በአግድም ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር ሲጀምር ልጁና ወንበሩ በተቃራኒው ይዞራሉ፤ የአንዱ መዞር የሌላውን ያጣፋል። ዘንጉ ከያዘ ግን ሰበቃው ይህን ሁሉ ይበላዋል። ሁለተኛው ቦታ የሠራው ወንበር ያልሠራው ለዚህ ነው።

ዲናሞው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። የብስክሌት ዲናሞ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ነው። ሁለት አምፖል ያበራል፤ የፊቱ 2.4 ዋት፣ የኋላው 0.6 ዋት። ትልቁ አምፖል ከተቃጠለ ትንሹ ወዲያው ይከተለዋል። ዲናሞው ወደ ግማሽ አምፔር የሚጠጋ ይገፋል፤ ትንሹ የሚችለው ግን 0.1 አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ጋሼ አንድ 3 ዋት አምፖል ብቻ አደረጉና ማብሪያ ማጥፊያውን በግልጽ ቦታ አስቀመጡት። ልጅ እጀታውን እያዞረ ማብሪያውን ሲጫን እጀታው በድንገት ይከብደዋል። መብራት በነጻ እንደማይመጣ እጁ ነው የሚነግረው። በአምፖል ፋንታ ኤልኢዲ ቢገባ ይህ ክብደት እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ "ኤልኢዲ ይሻላል" የሚላችሁን እዚህ ላይ አትስሙት። እጀታው የተቀመጠው በ75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነው፤ 1 ሜትር ላይ ቢሆን የ7 ዓመት ልጅ ትከሻው ይደክማል።

እዚህ ላይ ስለዚህ ዓይነት ቤት አባት ማንሳት ተገቢ ነው፤ የጋሼ ሥራ ለምን እንደሚከበር የሚገባን ያኔ ነውና። ፍራንክ ኦፐንሃይመር "የአቶሚክ ቦምብ አባት" የሚባለው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም፣ እሱም የፊዚክስ ሰው ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. ቀድሞ የኮሚዩኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር በይፋ ሲወጣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን አጣ። ኮሎራዶ ገጠር ገብቶ ከብት አረባ፤ በኋላ እዚያው ፓጎሳ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተማረ። ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ተማሪው በፈለገው ጊዜ ገብቶ በራሱ እጅ የሚሞክራቸው ሙከራዎች ያሉበት ክፍል አዘጋጀ። በ1965 እ.ኤ.አ. ለጥናት አውሮፓ ሄዶ ሙዚየሞቹን ተመለከተ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ለ1915ቱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተሠራው የጥበብ ቤተ መንግሥት አዳራሽ፣ ኤክስፕሎራቶሪየም የሚባለውን የሚነካ የሳይንስ ሙዚየም ከፈተ። ባለቤቱ ጃኪ በዕቃዎቹ አጠገብ የሚቆሙትን ጽሁፎችና ሥዕሎች በመሥራት አብራው ደከመች።

ያ ቤት ከሌሎች ሙዚየሞች የሚለየው በሦስት ነገር ነበር፤ ሦስቱም እኛን ይመለከታሉ። ብየዳውና ማሽኑ ያለበት የመሥሪያ ክፍል ከጎብኚ አልተደበቀም፤ ሰው ገብቶ ዕቃው ሲሠራና ሲጠገን ያያል። አስረጂዎቹ ዶክተሮች አልነበሩም፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዕቃዎቹ እንዴት እንደሚሠሩም እንደ ምግብ አሠራር መጽሐፍ በዝርዝር ተጽፎ ለሌላው ዓለም ተሰጠ፤ የትኛው ብረት፣ የትኛው ሞተር፣ የቱ ጋ እንደሚበላሽ ጭምር። ኦፐንሃይመር በ1985 እ.ኤ.አ. አረፈ፤ ቤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ ባሕሩ ወደብ፣ ፒየር 15 ወደሚባለው ተዛወረ። በየአገሩ ያሉ የሚነኩ ሙዚየሞች ብዙዎቹ ከዚያ የአሠራር ጽሁፍ የቀዱ ናቸው። የሚቀዳው ጽሁፉ ነው እንጂ የሚሠራው እጅ አይቀዳም። እንደ ጋሼ ያለ ሰው በከተማችን መገኘቱ ዕድል የምንለው ለዚህ ነው።

ከውጭ የመጣ ሁሉ እዚህ አይሠራም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሰው ፎኮ በ1851 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ፓንቴዎን በሚባለው ሕንጻ ውስጥ 67 ሜትር ገመድ አንጠልጥሎ ምድር መዞሯን ያሳየበት ፔንዱለም እንዲሠራ የጠየቁ ነበሩ። ባህር ዳር ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በ11.6 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የመወዛወዣው አቅጣጫ በሰዓት የሚዞረው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ፓሪስ ላይ ከ11 ዲግሪ በላይ ነው። ልጅ ቆሞ አያየውም። በምትኩ ጋሼ ሁለት ተራ ፔንዱለም ሠሩ፤ አንዱ 1 ሜትር፣ አንዱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከመያዣው እስከ ኳሱ መሃል የተለካ። ረጅሙ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ አጭሩ 1 ሰከንድ። ርዝመቱ አራት እጥፍ፣ ጊዜው ሁለት እጥፍ። ኳሱን ከብረት ወደ እንጨት ቢቀይሩት ጊዜው ያው ነው። ገመዱ ሲባጎ አይሁን፤ ይለጠጣል፣ በክረምት እርጥበት ርዝመቱ ይለወጣል። ጋሼ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው ያደረጉት። ማንጠልጠያው በ40 በ40 ቱቦላሬ ሆኖ፣ ማዕዘኖቹ በሰያፍ ብረት ተደግፈው፣ ራሱ በቡሎን ከግድግዳው ጋር ታስሯል። አዋቂ ሰው ቢደገፈውም አይነቃነቅም።

መስተዋቱ ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሁለት መስተዋት በማጠፊያ ተያይዘው፣ ከሥራቸው ዲግሪ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። 90 ላይ ሦስት ምስል፣ 60 ላይ አምስት፣ 45 ላይ ሰባት። ጋሼ የመስተዋቱን ጠርዝ አስሞርደው፣ ጀርባውን በኮምፔንሳቶ ላይ አጣብቀውታል፤ ቢሰበር እንኳ ስባሪው አይበተንም።

ጨለማው ጓዳ ግን የክፍሏ ዘውድ ነው። ከተማችን ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ጣናን ያያል፤ ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት ከጀርባ ሆና ሐይቁን ታበራለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ብታልፍም ከአናት ብዙ ስለማትርቅ አትረብሽም። መስኮቱ በሁለት ድርብ ጥቁር ላስቲክ ተሸፈነ፤ አንድ ድርብ አይበቃም፣ ብርሃን ያሳልፋል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ ያላት ቁራጭ ላሜራ ተገጠመች። ቀዳዳውን በወፍራም ጣውላ ላይ መብሳት ትልቅ ስህተት ነው፤ ጣውላው እንደ ቧንቧ ሆኖ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ይከለክላል፤ የምስሉ ዳርና ዳር ይጨልማል። ጋሼ ቀጭን ላሜራ መርጠው፣ በትራፓኖ ከበሱ በኋላ ጠርዙን በክብ ሞረድ አለሰለሱት።

የቀዳዳው ስፋት ላይ ነው ሙያቸው የታየው። ነጩ ጨርቅ ከቀዳዳው 2 ሜትር ይርቃል። ለዚህ ርቀት ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ነው፤ ግን ምስሉ በጣም ይደበዝዛል፣ ከፀሐይ የገባ ልጅ ምንም አያይም። 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ብሩህ ይሆናል፤ ቅርጹ ግን ይሟሟል። ጋሼ ሳይጠየቁ አራት ላሜራ ይዘው መጡ፤ 2፣ 5፣ 8 እና 12 ሚሊ ሜትር የተበሱ፣ በአንድ መንሸራተቻ ሐዲድ ላይ የሚቀያየሩ። ልጆቹ ራሳቸው እየቀያየሩ ብርሃንና ጥራት እንዴት እንደሚሻሙ ያያሉ። ለጀማሪ 8 ሚሊ ሜትሯ ትሻላለች፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አምስት ደቂቃ መታገስ ነው። ከዚያ ጨርቁ ላይ ሐይቁ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ሆኖ ይመጣል፤ ታንኳ ቀዛፊው ተዘቅዝቆ ይቀዝፋል። 50 ሜትር ርቆ የሚያልፍ ፔሊካን ክንፉን ሲዘረጋ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በጀርባው ይበራል። ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ከታች ያርፋል፣ ከታች የመጣው ከላይ። ይህን ሰሌዳ ላይ በቾክ መሣል ይቻላል፤ ፔሊካኑን ያየ ልጅ ግን ሥዕሉን ራሱ ነው የሚሥለው።

አሁን ዋናውን ምስጋና እንንገራችሁ። ክፍሏ በተከፈተችበት ቅዳሜ ጋሼ ክፍያቸውን ጨርሰው ተቀብለው ነበር፤ የሚመልሳቸው ጉዳይ አልነበረም። ግን መጡ። በርጩማ ስበው ጥግ ተቀመጡ፤ በእጃቸው ቾክ ብቻ ይዘው ሦስት ሰዓት ሙሉ ልጆቹን ተመለከቱ። ልጅ እጁን ያሳረፈበትን፣ የተደገፈበትን፣ እግሩን የሰቀለበትን ቦታ ሁሉ በቾክ ምልክት አደረጉ። የታንኳው ገንዳ ጠረጴዛ ጋ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች ልጅ ነበረች። ጉልበቷ ከታችኛው አግዳሚ ብረት ጋር እየተጋጨ እጇ ውሃው ጋ አልደረሰም። ጋሼ ለማንም ምንም አላሉም። ሰኞ ጠዋት መቁረጫቸውን ይዘው መጥተው አግዳሚውን አወጡ፤ ድጋፉን ወደ ኋላ እግሮቹ አዛውረው በየዱት፤ ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦታ ተገኘ። ክፍያ ሲነሳ "እኔ ነኝ መጀመሪያ ያላሰብኩት" አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ታንኳዋን ራሷ ጫነች። እግዜር ይስጥልን ጋሼ፤ እድሜና ጤና ይስጥዎት።

ገንዳውን መሥራት ለምትፈልጉ፦ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ፣ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲሞላ 72 ሊትር፣ ማለትም 72 ኪሎ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው በውሃ ልክ ተስተካክሎ፣ ከገንዳው ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይነጠፍ፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ከተሸከመ መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ሲሊኮኑ ከተቀባ በኋላ ውሃ ከመሙላት በፊት ሦስት ቀን ጠብቁ። ከደንገል የታሰረችው ትንሽ ታንኳ ላይ 2.4 ኪሎ በተጫነ ቁጥር የውሃው ከፍታ 1 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ገንዳው ላይ መስመር ተሰምሮ ልጆች ያነባሉ። ደንገሉ ውስጡ አየር የያዘ ስፖንጅ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ደግሞ እየሰመጠ ይሄዳል። ታንኳ ቀዛፊዎች ታንኳቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነውና ሁለት ሦስት ተለዋጭ እስር ይኑራችሁ። ውሃውን በየዓርቡ ድፉት፤ ከሳምንት ካለፈ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ ወባ ባለበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጋሼ ሥራ ሲያስረክቡ አንዲት የሸራ ቦርሳ ይሰጣሉ። ውስጧ ሁለት ተለዋጭ ኩሽኔታ፣ አምስት አምፖል፣ የፍሬን ሽቦ፣ ዳዶና ቡሎን፣ አንድ ቁልፍና አንድ ካቻቪቴ አለ። ሁሉንም በቡሎን የሚያስሩት፣ ብየዳ የሚጠቀሙት ግድ ሲሆን ብቻ ነው፤ የተበየደ ነገር ሲበላሽ መምህሩ ሊፈታው አይችልምና። የሐይቁ እርጥበት ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ከቀለም በፊት ሁለት ዙር የዝገት መከላከያ ይቀባሉ፣ የቱቦላሬውንም ጫፍ ይደፍናሉ።

ልታሠሩ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ሥዕል ብቻ አትያዙ፤ የልጆቻችሁን ዕድሜና የክፍሉን ልኬት፣ የበሩን ስፋት ጭምር ይዛችሁ ሂዱ። ሁሉን በአንዴ አትዘዙ፤ በአንድ ዕቃ ጀምሩ፣ ለሁለት ሳምንት ልጆች ይጫወቱበት፣ የተበላሸውን አይታችሁ ሁለተኛውን እዘዙ። "በስንት ቀን?" ብላችሁ አታጣድፏቸው፤ የሚሉትን ቀን አያሳልፉም። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ባለው ጊዜ የበርና የመስኮት ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን፣ ሰፋ ያለ ጊዜ አላቸው። ደውሉላቸው፣ አሠሯቸው፣ ለሌላም ንገሩ። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ ስንት ዓመት ለሆናቸው ልጆች እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።